የቢስሚላህ ቅምሻ

ፍሬን ሁሉ በወቅቱ ለሚያበስለው ጌታ ምስጋና ይሁን። ስሟን መጥራት የማያስፈልገን አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች፤ ግንቧ በብዙ ቦታ የፈራረሰ፣ መስጊዶቿ ግን ከሱብሒ እስከ ዒሻእ ሰጋጅ የማይጎድልባቸው። በዚያች ከተማ ሼህ ጀውሃር የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ዒልም የቀሰሙ፣ ሐጅ ያደረጉ፣ ብዙ ደረሳ፣ ብዙ የዲን ተማሪ፣ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ኑሯቸው ግን በፍራፍሬ ንግድ ነበር። «የሰው እጅ ከማይ ቅርጫት ብሸከም ይሻለኛል» ይሉ ነበር። ከፍራፍሬም ሁሉ የሚታወቁት በኮካቸው ነው።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ኮክ ይደርሳል። ያኔ የከተማዋ ሰው ከዙሁር ሶላት ወጥቶ ቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ በፍራፍሬ ተራ በኩል ይዞራል። ኮኩን አንስቶ የልጡን ፀጉር በኩታው ጫፍ ይጠርግና እዚያው ቆሞ ይገምጠዋል። ጭማቂው በክንዱ ሲወርድ እጅጌውን እየሰበሰበ «ሱብሓነላህ» ይላል። ምን ያድርግ፣ ኮክ የሚጠብቅ ፍሬ አይደለም። ዛሬ ደማቅ ሆኖ የታየው ነገ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ የዝንብ ነው። ገዢውም ሻጩም በዚያ ሰሞን ጥድፊያ ላይ ናቸው።

በዚያ ተራ አንድ የቆየ ወግ ነበር። ማንኛውም ሻጭ ጠዋት ቅርጫቱን ከገለጠ በኋላ፣ የቤተሰቡ ያልሆነ አንድ መንገደኛ «ቢስሚላህ» ብሎ ሳይቀምስለት አይሸጥም። ይህን የቢስሚላህ ቅምሻ ይሉታል። ሰው ስለ ራሱ ዕቃ የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንምና፣ ሌላ ሰው ቀምሶ የተሰማውን ይናገር ተብሎ የተጀመረ ነገር ነው። ቀማሹ አይከፍልም፤ የመሰለውን ተናግሮ መንገዱን ይሄዳል።

ደግ ወግ ነበር። እኛ የሰው ልጆች ግን ደግ ወግ ስናገኝ ምን እንደምናደርገው ይታወቃል። ውሎ አድሮ ሻጮቹ ነገሩን የይስሙላ አደረጉት። ጎረቤታቸውን ጠርተው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቁራጭ ይሰጡታል፤ እሱም ሳያላምጥ «ማር ነው» ይላል፤ ነገ ደግሞ እሱ ይጠራቸዋል። በዚህ መንገድ በተራው ውስጥ ማር ያልሆነ ኮክ ጠፋ ማለት ነው! ሼህ ጀውሃር ብቻ ነበሩ ወጉን እንደ ወጉ የያዙት። ከቅርጫቱ አናት ደህናውን መርጠው ሙሉ ኮክ ይሰጣሉ፤ ሲሰጡም ከመቀመጫቸው ተነስተው ነው።

በዚያ ዓመት ከሼሁ ጋር በሽርክና የገባው የልጃቸው የነፊሳ ባል ሙህዲን ነበር። ሙህዲን ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ለእኛ አይጠቅመንም፤ ክፉዎችን እያወራን ራሳችንን ማጽናናት ልማዳችን ነውና። ሶላቱን የሚሰግድ፣ ሚስቱን የሚያከብር፣ ለፍቶ አዳሪ ሰው ነበር። ያፈራውን ሁሉ በዚያ ዓመት ኮክ ላይ አውሏል። ኮኩ ካለፈበት እሱም አለፈበት ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቢጣደፍ አይፈረድበትም።

የሚያበሳጨው ደግሞ ነበረው። በተራው ያሉት ሁሉ ቀምሰው አስቀምሰው፣ ከፍተው ሲሸጡ፣ አማቱ የሙስበሓቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ይቀመጣሉ። በፊታቸው ስንት መንገደኛ ያልፋል።

«አባ፣ ይኸው ሰው ሞልቷል፤ አንዱን ጠርተን እናስቀምስ እንጂ።»

«ትንሽ እንጠብቅ ልጄ» ይላሉ ሼሁ።

የሚጠበቀው ማን እንደሆነ ሙህዲን ከወቅቱ መጀመሪያ ጀምሮ አውቆታል። ሩቂያ የምትባል ሴት ናት። ባሏ የታወቀ የቡና ነጋዴ ነው፤ የቤታቸው በር በከተማዋ ካሉት ትላልቅ በሮች አንዱ ነው። ሻሿ ንጹሕ ነው፣ ነጠላዋ ንጹሕ ነው፣ አረማመዷ የጨዋ ሰው ነው። ቀስ ብላ ትመጣለች፣ ሰላምታ ታቀርባለች፤ ሼሁ ይነሱና ምርጡን ኮክ «ቢስሚላህ በይ ልጄ» ብለው ይዘረጉላታል። እሷም ፊቷን ከተራው ጎን ወዳለው ግንብ አዙራ ትበላለች። በውስጡ ፍሬ ላይ ቅንጣት ሥጋ እስከማይቀር ድረስ ትበላለች። ከዚያ ጣቶቿን ጠርጋ ትዞርና፣

«ትንሽ ይቀረዋል፣ ሼሁ» ትላለች።

«ኢንሻአላህ ነገ ይሻላል» ይላሉ እሳቸው።

በነጋታውም ያው ነው። ምርጡ ኮክ፣ ግንቡ፣ የተጠረጉት ጣቶች፣ «ትንሽ ይቀረዋል»። ይህን የሰማ ገዢ ወደ ሌላው ቅርጫት ይሄዳል። ሄዶም ከሼሁ ኮክ ጋር የማይወዳደር፣ በጥሬው ተለቅሞ ጭድ ውስጥ ያደረ ኮክ ይገዛል፤ ምክንያቱም እዚያ ጎረቤት «ማር ነው» ብሏላ!

ሙህዲን ሌሊቱን እየተገላበጠ ያነጋ ጀመር። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? የሀብታም ሚስት ሆና ሳለ ከሰው ቅርጫት በነፃ በልታ፣ በላዩ ላይ የሰው ዕቃ ታረክሳለች! ይህስ ኩራት ነው፣ ንቀት ነው እያለ ለነፊሳ ያወራል። ነፊሳ ግን፣ «አባቴ የሚያደርገውን ያውቃል» ከማለት አታልፍም። ይህም ያናድደዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ለኒካሕ፣ ለሰርግ ድግስ ኮክ የሚገዛ ትልቅ ደንበኛ መጣ። ቅርጫቶቹን አገላብጦ አየ፣ አሸተተ፣ ወደደ። ሁሉንም ሊወስድ ነው። ሼሁ ከጀርባ ባለው ግቢ ከአህያው ላይ ጭነት እያወረዱ ነበርና ሩቂያ ስትመጣ ኮኩን የሰጣት ሙህዲን ራሱ ነው። እጁ እየከበደው ሰጣት። እሷም እንደ ልማዷ ወደ ግንቡ ዞረች፣ በላች፣ ጣቶቿን ጠረገች።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለች።

ደንበኛው አንስቶት የነበረውን ኮክ መለሰና፣ «አይ፣ እንግዲያው ወደዚያ ልይ» ብሎ ሄደ።

የሙህዲን ትዕግሥት አለቀ።

«ቆዪ እስቲ፣ እህቴ!» አለ፤ ተራው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ነው የጮኸው። «በየቀኑ ምርጡን ትበያለሽ፣ በየቀኑ ታረክሺብናለሽ። እውነት ይሄ ኮክ ይቀረዋል?»

«ቅምሻ የቀማሹ ነው» አለች ሩቂያ፤ ድምጿ አልወጣም ማለት ይቻላል።

«እንግዲያው ማይልኝ! ወላሂ ይቀረዋል ብለሽ ሂጂ!»

አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ ከወዲያ፣ «ትማል! ከበላች ትማል!» አለ። ሌላውም ተቀበለው። ለአንዲት ኮክ! ሰማይና ምድርን በፈጠረው ጌታ ስም፣ ለአንዲት ኮክ፣ ያውም ከሶላት በተመለሱ ሰዎች አፍ! አንድም «ተው» ያለ አልተገኘም። ሁሉም አንገቱን አስግጎ የሴትየዋን ከንፈር ይጠብቅ ነበር። የኮኩ ፍሬ አሁንም በእጇ ነው፤ ጨብጣ ይዛዋለች። ከንፈሯ ደርቋል። ዙሪያዋን አየችና አፏን ከፈተች።

«ወላ—»

«ተይ ልጄ! እንዳትጨርሺው!»

ሼህ ጀውሃር ነበሩ። በዚያ ተራ ማንም ሼሁ ሲጮሁ ሰምቶ አያውቅም። የያዙትን ጭነት መሬት ላይ ጥለውት መጡ፤ ጥምጣማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል። በእሷና በሙህዲን መሃል ቆሙ።

«ከሳሹ ማነው፣ ተከሳሹ ማነው፣ መሐላ ያስፈለገው?» አሉ ሙህዲንን። «ሰጥተናታል፤ ከእጃችን ከወጣ ኮኩ የእሷ ነው። ጣፈጠኝ ብትል የእሷ ነው፣ መረረኝ ብትል የእሷ ነው፣ ዝም ብትልም የእሷ ነው።»

«አባ፣ ገበያችንን እኮ—»

«መሐላ ወደሃል ልጄ። በል እንግዲያው አንተ ማል። ይችን ሴት ያስማልኳት ለሐቅ ብዬ ነው እንጂ ለቅርጫቴ ብዬ አይደለም በልና ወላሂ በል። እኔ እሰማሃለሁ። ይሄ ሁሉ ሰው ይሰማሃል። ከሰው በላይ የሚሰማም አለ።»

ሙህዲን አፉን ከፈተ። ቃሉ ቀላል ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ ይለዋል። አሁን ግን አላለውም። ዓይኑን ከሼሁ ዓይን ሲያሸሽ ወደ ሴትየዋ አየ። ሩቂያ ሄዳለች። የኮኩን ፍሬ ከመደቡ ጠርዝ ላይ አስቀምጣው ነበር።

ሼሁ ቅርጫቶቹን በጨርቅ ሸፈኑ። ድምፃቸው ተመልሶ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቁጣቸው ግን አልበረደም።

«ሙህዲን፣ ያንተ ድርሻ ያንተ ነው፤ አልነካብህም። ወስደህ በፈለግህበት ቦታ ሽጥ። የእኔን ግን ቀማሼን ባባረርኩበት መደብ ላይ አልሸጥም።»

እንዳሉትም አደረጉ። ያን ቀንና በቀጣዮቹ ቀናት የሼሁ ኮክ በቅርጫት በቅርጫት ወደ መስጊድ ይሄድ ነበር። ደረሳዎቹ በሉት፣ በር ላይ ተቀምጠው የሚለምኑት በሉት። አላህ የሰጠውን ማበስበስ ኢስራፍ፣ ማባከን ነውና አንዲትም አልተጣለችም፤ አንዲትም ግን አልተሸጠችም። የዓመት ትርፋቸውን እንደዚያ ሲበትኑ ያየ ሙህዲን ጥርሱን ነከሰ። እብደት ነው! ለአንዲት ቀበጥ ሴት ሲባል! የራሱን ድርሻ ተሸክሞ ከተራው ማዶ መደብ ዘረጋ።

ጠዋት ቅርጫቱን ገለጠና፣ «ቢስሚላህ በሉ! ኑ ቅመሱ!» አለ።

ማንም አልቀመሰም።

አንድ ቆዳ ሠሪ ሽማግሌ ሲያልፍ ጠራው። ሽማግሌው ቆመና ኮኩን አየው፣ ሙህዲንንም አየው።

«ቀምሼ ባይጥመኝስ ታስምለኛለህ?» አለው።

«ኧረ አባባ፣ ምን ነካዎት!»

«አይ፣ እኔ ቁርሴን በልቻለሁ» ብሎ ሄደ።

ሴቶች ሲያልፉ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይደብቁ ጀመር። አንዷ ለጓደኛዋ፣ «እዚህ ጋ ጀሀነም በነፃ ይታደላል» ስትል ሰማት፤ ሁለቱም እየሳቁ አለፉ። የቅርብ ጓደኛው እንኳ ሆዱን እንዳመመው ነገረው። ሙህዲን እንግዲያው ራሱ ይምል ጀመር። «ወላሂ ማር ነው! ወላሂ ዛሬ የተለቀመ ነው! ወላሂ እንዲህ ያለ ኮክ አልታየም!» በማለ ቁጥር ሰው ይርቀዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መሐላ ሸቀጥን ቢያሸጥም በረካውን እንደሚነጥቅ አስተምረውናል። የሙህዲንስ ሸቀጡንም አላሸጠለትም።

ኮኩ መለስለስ ጀመረ። መጀመሪያ ከሥር ያለው ውሃ አወጣ፤ ቀጥሎ ተርቦች መጡ። ሙህዲን በቀኝ እጁ ተርብ እያባረረ በግራው የላላውን ከደህናው ይለያል፤ እየለየም ይናደዳል። በሰዉ ተናደደ፣ በሩቂያ ተናደደ፣ በአማቱ ከሁሉ በላይ ተናደደ። የላቡን ዋጋ አላህ እያየ ሰው ሁሉ ተባብሮ ነጠቀው፤ እሱ የሚያየው እንዲህ ነው።

ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ መስጊዱ ሄደ። ደረሳዎቹ ሰሌን ላይ ተደርድረው ኮክ ይበላሉ፤ ግቢው ኮክ ኮክ ይሸታል። ሼሁ የመስጊዱን ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አባ፣ እባክዎ ነገ ጠዋት እርስዎ ይቅመሱልኝ። እርስዎ ከቀመሱ ሰው ይከተላል።»

«እኔ ቤተሰብህ ነኝ ልጄ፤ የእኔ ቅምሻ አይሆንልህም።»

«ታዲያ ማን ይቅመስልኝ? ከተማው ሁሉ ሸሸኝ!»

«አፏን የዘጋህባት ትቅመስልህ» አሉ ሼሁ፤ ከዚህ ሌላ አልተናገሩም።

ቤቱ ሲገባ ለነፊሳ እንደተለመደው መማረር ጀመረ። ነፊሳ ግን ያን ቀን ዝም አላለችም። የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«አንተ ሰው፣ ነፍሰ ጡር መሆኗን አላየህም?»

«ማን?»

«ሩቂያ ናታ! አምሮት ይዟት ነው። የኮክ አምሮት።»

«ታዲያ ባሏ አይገዛላትም? ያን የሚያህል በር ያለው ሰው?»

«ባሏ!» አለች ነፊሳ፤ እንባዋ መጣ፣ ከእንባዋ ይልቅ ግን ንዴቷ ይበልጥ ነበር። «ባሏ ቡናውን ጎርፍ ከወሰደበት ወዲህ ማንም በማያውቀው አገር የሰው ጭነት ይሸከማል። ያ የምትለው በር ውስጡ ባዶ ነው። ነጠላዋ አንድ ነው፤ እሱን እያጠበች ነው የምትለብሰው። እኔ እንኳ የሰማሁት ዛሬ ነው። አባቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን አውቋል።»

«ማን ነገራቸው?»

«ማንም። ስትበላ አይቷታል። የጠገበ ሰው ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ ይበላል?»

ሙህዲን ተቀመጠ። የራሱን ቃል፣ የሰዉን ሳቅ፣ ደርቆ የነበረውን ከንፈሯን አስታወሰ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው።

በማግሥቱ ሁለቱም ወደዚያ ትልቅ በር ሄዱ። ባል በሌለበት ቤት መግባት ነውር ነውና ሙህዲን ከደጅ ቆመ፤ ነፊሳ ገባች። ከበሩ ስንጥቅ ግቢው ይታያል። ቡና ይሰጣበት የነበረው ሰፊ መደብ ሣር አብቅሏል። ጥቂት ቆይቶ የሩቂያ ድምፅ ከበሩ ጀርባ መጣ።

«ደግሞ ምን ልታስምለኝ መጣህ?»

«አላህ ይይልህ አትበይኝ እህቴ፤ ዐፍው በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልል ነው።»

«ኮኩ ጣፋጭ ነበር» አለች። ድምፅዋ በገበያው እንደነበረው ቀጭን አልነበረም። «የመጀመሪያው ቀን ጣፋጭ ነበር፣ የመጨረሻውም ጣፋጭ ነበር። ጣፋጭ ነው ብዬ ሳልገዛ ብሄድ፣ ለምን አልገዛችም አይሉም? ባሌ ምን ሆኖ ነው አይሉም? ዋሽቻለሁ፤ በዋሸሁ ቁጥር ቤቴ ገብቼ ኢስቲግፋር አድርጌያለሁ። ጌታዬ ችግሬን ያውቃል፣ ይምረኛል ብዬ ነው። አንተ ግን በስሙ ላይ ልታስዋሸኝ ነበር! በአንድ በኩል የባሌን ክብር፣ በሌላ በኩል ጀሀነምን አድርገህ መሃል አቆምከኝ። ምን አድርጌህ ነው?»

ሙህዲን ከበሩ አንድ እርምጃ ሸሸ።

«አሁንስ ለምን መጣህ? ቀምሼ ኮክህ እንዲሸጥልህ ነው?»

አይደለም ሊል ነበር። ወላሂ አይደለም ሊል ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰው።

«አዎ» አለ። «ስወጣ ለዚያ ነው የወጣሁት። አሁን ግን እዚህ በር ላይ ቆሜ አፈርኩ። ምንም አልጠይቅሽም።»

ነፊሳ ወጣች፣ ተያይዘው ተመለሱ።

በቀጣዩ ጠዋት ሙህዲን የተረፈውን ደህና ኮክ ተሸክሞ ማዶ ወዳለው መደብ ሳይሆን ወደ አሮጌው መደብ መጣ። ሼሁ ያለ ቅርጫት ቀድመው ተቀምጠዋል። ቅርጫቱን ገለጠና አጠገባቸው ተቀመጠ። ማንንም አልጠራም፣ አልማለም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም እንደ ሼሁ ዝም ብሎ ጠበቀ። እንደማትመጣ እርግጠኛ ነበር።

መጣች። ያቺ የታጠበች ነጠላ፣ ያ ቀስ ያለ እርምጃ። ተራው ሁሉ ዞሮ አያት። ሙህዲን ተነሳ፤ ከቅርጫቱ ምርጡን ፈልጎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሰጣት።

«ቢስሚላህ በይ፣ እህቴ።»

ተቀበለችው። ያን ቀን ግን ወደ ግንቡ አልዞረችም። ፊቷን ወደ ገበያው አድርጋ፣ የሚያዩዋትን እያየች፣ ኮኩን እስከ ፍሬው በላች። ጣቶቿን ጠረገች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ሁሉም ሰማት። «ጣፋጭ ነው። እስካሁን የቀመስኩትም ሁሉ ጣፋጭ ነበር። ይቀረዋል ስል የነበረው የምገዛበት ስለሌለኝ ነው። ባሌ ከስሯል። በቃ፣ አወቃችሁ።»

ፍሬውን መደቡ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ከዚያ ያ ቆዳ ሠሪ ሽማግሌ፣ «ማሻአላህ! እውነቱ ወጣ! አላህ ይባርካት!» አለ። ሌሎቹም «ማሻአላህ» አሉ፤ ሰው ደስ አለው፤ እጆች ወደ ቅርጫቱ ተዘረጉ። ይኸው ቀማሽ ቀምሳለች፣ ጣፋጭ ነው ብላለች፤ የሙህዲን ኮክ ለሽያጭ ተፈታ። አንዱ ቅርጫቱን እንዳለ ሊያነሳው ጎንበስ አለ።

ሙህዲን ወደ አማቱ ዞረ። ሼህ ጀውሃር ቆመው ነበር። ያለቅሱ ነበር፤ የሐዘን ልቅሶ ግን አልነበረም፤ ፊታቸው በቁጣ ጠቁሯል።

«እጃችሁን ሰብስቡ!» አሉ። «ምን ያስደስታችኋል? ለአንዲት ፍሬ ብለን የአንድ ቤት ገመና አደባባይ አወጣን፤ እናንተ ማሻአላህ ትላላችሁ! ይሄን ቃል ከአፏ ያወጣነው እኛ ነን። ነገ ጌታዬ ሲጠይቀኝ ለኮክ ሽያጭ ብለን ነው ልለው ነው?»

የተዘረጉት እጆች ተሰበሰቡ። ሼሁ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ በኋላ ተማሪዎቻቸው ሲደጋግሙት የኖሩትንም ቃል ያን ጊዜ ተናገሩ፦

«ምስኪን ድህነቱን እስኪናዘዝ የሚያስጨንቅ ገበያ፣ ሐቀኛ ገበያ አይደለም።»

ያን ቀን ሙህዲን ምንም አልሸጠም። ማንም አላዘዘውም፤ ቅርጫቱን ሸፍኖ ተሸከመና ወደ መስጊድ ወሰደው። በማግሥቱ ከገበሬዎቹ በዱቤ ባገኘው ኮክ መደቡን ከፈተ። አንዲት ያልታወቀች ሴት መጥታ ቆመች። ኮኩን ሰጥቶ «ቢስሚላህ በይ» ካለ በኋላ፣ ሙህዲን ጀርባውን ሰጣትና ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። በልታ እስክትሄድ ድረስ አልዞረም፤ ጣፈጠሽ ወይ ብሎም አልጠየቃት። ሼሁ አዩትና ሙስበሓቸውን ቀጠሉ። እንደሚነገረው፣ በዚያ ተራ ቀማሽ ሲበላ ፊቱን ወደ ግንብ የሚያዞረው ከዚያ ወዲህ ሻጩ ሆነ። ሩቂያም እስከ ወቅቱ መጨረሻ ትመጣ ነበር ይባላል፤ መምጣቷን ግን ያየ የለም፤ ሁሉም ግንብ ግንቡን ነበር የሚያየው።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ የሙህዲን ገበያ ዛሬም ስላልተዘጋ ነው። አንድ ኪሎ ኮክ ለመሸጥ ስንት ወላሂ እንደምናወጣ ትታችሁ፣ የምንሰጠውን ተመልከቱ። ለዚያች ምስኪን እናት አንድ ከረጢት ዱቄት ስንሰጥ ፊቷን ወደ ካሜራ እናዞራለን። «ቀና በይ፣ ፈገግ በይ» እንላለን። ባል የላትም? ጎረቤቶቿ ይመስክሩላት። ልጆቿ ስንት ናቸው? ታሰልፋቸው። እውነት ቸግሯታል? ትማል! ዘካ የድሃው ሐቅ ነው፤ ሐቁን ለመስጠት ገመናውን የምንጠይቅ እኛ ማን ነን? አጭበርባሪ እንዳይበላን ነው እንላለን። አንድ አጭበርባሪ አንድ ኮክ እንዳይበላ ስንት ሩቂያ በአደባባይ እንድትራቆት ፈርደናል? ሼህ ጀውሃር ቢያዩን ጥምጣማቸው እስኪፈታ ይጮሁብን ነበር፤ እውነታቸውንም ነው።

አላህ ችግራችንን ሸፍኖልን በሰው ፊት ቀና ብለን እንሄዳለን። እኛም የሸፈነልንን ያህል እንሸፍን። ይኸው የኮክ ወቅት ደርሷል፤ ገበያ ስትወጡ ሁለት ግዙ፤ አንዱን ለተቸገረ ሰው ስጡ፤ ሰጥታችሁ ስታበቁም ፊታችሁን ወደ ግንቡ አዙሩለት።